በሩ ሲከፈት

«ማዶ ሆነህ ስትጠራኝ፣ ወዲህ ሆኜ ስሰማ…»

ከዚህ በኋላ ያለውን ስንኝ ረስታዋለች። ሽንኩርት ስትልጥ፣ ድስት ስትፈትግ፣ በር ላይ ቆማ ላቧን ስትጠርግ እዚያው ቃል ላይ ትደርስና የቀረውን በአፍንጫዋ ታንጎራጉረዋለች። ታናሽ እህቷ፣ «ዘፈንሽም እንዳንቺው ኬላ ላይ ቀረ» ትላታለች።

ሾፌሮቹ ባለ ድስቷ ይሏታል። ምግብ ቤቷ ከድንበሩ በር ጥቂት እልፍ ብሎ፣ የጭነት መኪኖች ጀርባ ለጀርባ ከሚቆሙበት ሜዳ ፊት ለፊት ነው። ከጎረቤት አገር የመጣ መኪና ከዚህ ሜዳ አያልፍም ነበር፤ ጭነቱን እዚያው ለወዲህኛው መኪና አስረክቦ መመለስ ነው። ሲሚንቶው በጀርባ፣ ዘይቱ በእጅ፣ ብርጭቆው እንደ እንቁላል በጥንቃቄ ተይዞ ከመኪና መኪና እስኪዛወር የሾፌሩ ሥራ መጠበቅ ነው፤ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ይርበዋል። እሷም በዚያ ረሃብ ቤት ሠራች፣ እህቷን አሳደገች፣ እናቷን ጦረች።

ከሚጠብቁት አንዱ ከማዶ የሚመጣ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሾፌር ነበር። ጎረቤቴ ትለዋለች። ዓመት ዓመትን እየወለደ፣ በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር የእሱ፣ ቀድሞ የሚቀዳው ሳህንም የእሱ ሆነ። አንድ ቀን ዝናብ አራጋፊዎቹን አግዶ ቤቱ ጭር ባለበት ከሰዓት በኋላ፣ ባገባሽ ምን ይመስልሻል አላት። ደነገጠች። እሺ ብትል ድስቷን ጥላ ማዶ የምትሻገር፣ እዚያም ማንም የማያውቃት ሌላ ሴት የምትሆን መሰላት። እምቢ እንዳትለው ደግሞ ልቧ አልጨከነም። ስለዚህ ነገሩን በሩ ላይ ጣለችው።

«በሩ ሲከፈት» አለችው፤ መኪናው ሳያራግፍ የሚያልፍበት ቀን ሲመጣ ማለቷ ነው።

እሱም ሳቀና፣ «እንግዲያስ የሠርጋችንን ቀን የሚቆርጡት ሚኒስትሮች ናቸው በይኛ» አላት።

እንደገና ጠየቃት፤ እንደገና በሩን አመካኘች። ውሎ አድሮ መጠየቁን ተወ፣ መምጣቱን ግን አልተወም። እህቷ አላስቀምጥ አለቻት። ሰው ባል ሲጠብቅ አይቻለሁ፣ ሁለት አገር እስኪዋደድ የሚጠብቅ ግን ካንቺ በቀር አላየሁም ትላታለች። እህቷም ብትሆን ያላወቀችው ነገር፣ ባለ ድስቷ በሩ በመዘጋቱ ውስጥ ውስጡን ተመችቷት መኖሯን ነው።

አገሮቹ ግን ተዋደዱ። የእሷ አገር አባል የሆነችበት የአካባቢው ኅብረት ከጎረቤቱ አገር ጋር በፖለቲካም በንግድም ሊቀራረብ መፈራረሙን ሬዲዮው ተናገረ። ቀረጥ ይቀንሳል፣ መሪዎች ይመላለሳሉ፣ የጭነት መኪናም ከእንግዲህ ሳያራግፍ ያልፋል ተባለ። አራጋፊዎቹ ራሳቸውን ያዙ። እሷ ግን ድስቱ እያረረባት ያንን የድሮ ፍርሃቷን ደረቷ ውስጥ ፈልጋ አጣችው። አርጅቶ ሞቶ ኖሯል፤ መቼ እንደ ሞተ እንኳ አላወቀችም። በሩ የሚከፈት ቀን እሺ ልትለው ቆረጠች።

ቀኑ ደረሰ። በማለዳ ሾርባ ጣደች፣ ሥጋ ጠበሰች፣ ሩዝ አበሰለች፤ በመስኮቱ በኩል ያለውን ጠረጴዛ አሽታ አሽታ ሁለት ሳህን ዘረጋች። እህቷ፣ ኧረ ተይው፣ ጠረጴዛው ቆዳው ሊላጥ ነው አለቻት። አብሬው እበላለሁ ብላ እህል በአፏ አልዞረም።

ከበሩ በኩል ሙዚቃና ጭብጨባ ተሰማ። ወዲያው ስልኳ ጮኸ።

«አልፌያለሁ» አላት። «ግን መቆም አልችልም። ጭነቱ ታሽጓል፤ እስከ መጋዘኑ ድረስ መንገድ ላይ መቆም ክልክል ነው። የት እንደቆምኩ ከመሥሪያ ቤት ሆነው ያዩኛል።»

«ለአንድ ጭልፋ ሾርባ እንኳ?»

«ለአንድ ጭልፋም።»

ሞተሩ በስልኩ ውስጥ ያጓራል።

«እሺ ልልህ ነበር» አለችው። «ያኔ ለጠየቅኸኝ።»



«መቆም በምችልበት ጊዜ ብትነግሪኝ ምን ነበር?» አላት። «ያኔ እኮ ሥራዬ መቆም ነበር።»

መንገዱ ከእንግዲህ እስከ ባሕር እንደሚዘልቅ፣ ሲመለስም በሌላ በር እንደሆነ ነገራት። ደግሞም ካለፈው ክረምት ወዲህ ማዶ ቤቱ ሆና የምትጠብቀው ሴት አለች። ልንገራት እያለ ይመጣና ሾርባውን ጠጥቶ፣ ሳይነግራት ይመለስ ነበር።

«አትጠብቂኝ፣ ባለ ድስት» አላት።

በር ላይ ወጣች። ረጅሙ መኪና አቧራውን እየጎተተ መጣ፤ ቤቷ አጠገብ ሲደርስ ቀስ አለ እንጂ አልቆመም። እጁን በመስኮት አወጣ። እሷም ጭልፋውን እንደያዘች እጇን አነሳች። ከኋላው ሌላ፣ ከዚያም ኋላ ሌላ መኪና ተከተለ፤ አንዱም ወደ ቤቷ ዞር አላለም። አገር ለአገር ሲቀራረብ፣ መሃል ላይ ያለ ሰው እንዲህ እንደሚርቅ ማን በነገራት።

እህቷ ሁሉን ሰምታለች። ከሁለቱ ሳህኖች አንዱን ልታነሳ እጇን ዘረጋች።

«ተይው» አለቻት ባለ ድስቷ። «አራጋፊዎቹን ጥሪያቸው። ሥራም ምሳም ሳያገኙ ነው የዋሉት።»

እያፈሩ ገቡ፤ ወንበሩ ሞላ። እህቷ ጭልፋውን ከእጇ ቀስ አድርጋ ወሰደችና እኔ እቀዳለሁ፣ አንቺ አረፍ በይ አለቻት። ባለ ድስቷ ለመስኮቱ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። እህቷ ሳህኗን ሞላችላት። እሷም ጥቂት አየችውና ማንኪያውን አንስታ መብላት ጀመረች።