ኦይስተሩ ራሱ ታሟል ያሉት ዶክተር ውብነሽ

ዶክተር ውብነሽ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ እዚህ ኬንያ፣ ላቪንግተን ሰፈር በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። ለምታውቋቸው ሁሉ መርዶውን ሳደርስ ሐዘኔን ከንዴቴ መለየት አቅቶኛል፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

መሥሪያ ቤታችን ያወጣውን የሐዘን መግለጫ አይታችሁታል? «ተተኪ የሌላቸው ባለሙያ» ይላል። በሕይወት ሳሉ ማን ሰማቸው!

ሥራችን ከኬንያ ጠረፍ የሚመጣውን ኦይስተር፣ ያንን በዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ፣ መመርመር ነው። ባሕሩ ላይ መርዛማ አልጌ ሲንሰራፋ ኦይስተሩ ያንኑ ውሃ እያጣራ ስለሚመገብ መርዙን ያጠራቅማል። መሥሪያ ቤቱ የሚጨነቀው ለበላተኛው ብቻ ነው። እሳቸው ግን «ኦይስተሩስ? እሱም እኮ ይታመማል» ይሉ ነበር። መተንፈሻ ስንጥቡ ይቆስላል፤ ዛጎሉን ዘግቶ ይራባል፤ አቅም አጥቶም ይሞታል።

ይህን ለማየት ኦይስተሩ በሕይወት መምጣት አለበት፤ በረዶ የሠራ ሥጋ የስንጥቡን ቁስል አያሳይም። ስለዚህ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ በአውሮፕላን ሲመጣ ኢምባካሲ የጭነት መጋዘን ድረስ ራሳቸው ሄደው ይቀበሉት ነበር። ኢስትሊ ሰፈር ያሉ አብሮ አደጎቻቸው «በፍስክ እንኳ የማትቀምሺውን ነገር እንዲህ ትንከባከቢያለሽ?» እያሉ ሲቀልዱባቸው «ላስታምመው እንጂ ልበላው መች አልኩ» ብለው ይስቁ ነበር።

ባለፈው ዓመት ጠረፉ ላይ ኦይስተር የሚያረቡ ሴቶች ኦይስተሩ ሞቶ አለቀባቸው። አለቆቻችን በረዶ የሠራ ናሙና አስመርምረው፣ መርዙ ከገደብ በታች ስለሆነ ጥፋቱ የሴቶቹ የአያያዝ ጉድለት ነው ብለው ጻፉ። ማኅበራቸው ከባሕሩ እንዲነሣ ተወሰነ። ዶክተር ውብነሽ ስብሰባው ላይ «ያልመረመራችሁትን በሽታ እንዴት የለም ትላላችሁ?» ብለው ተሟገቱ። እዚያው ሳለን የማኅበሩ ሊቀመንበር ደውለው «ዳክታሪ፣ ምን አጠፋን?» ቢሏቸው፣ ሁላችንም እየሰማን «እናንተ ምንም አላጠፋችሁም» አሏቸው።

እኔ ተማሪያቸው ነኝ። እንዳስተማሩኝ አድርጌ የሴቶቹን ኦይስተር የቆሰለ ስንጥብ በማይክሮስኮፕ አይቼዋለሁ። ጥፋቱ የሴቶቹ ነው የሚለው ወረቀት ለፊርማ ሲዞር ግን ፈረምኩ። የሥራ ፈቃዴ የሚታደሰው በእነዚያው አለቆች ደብዳቤ ነበር። የምናደደው በእነሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

እትዬ ውብነሽ፣ ከቀብርዎ መልስ ለመሥሪያ ቤቱም ለሴቶቹም ጻፍኩ፤ ያየሁትንም መፈረሜንም አልደበቅኩም። ያን ቀን ከጉባኤው ሁሉ መካከል ዞር ብለው ያዩት እኔን ነበር፤ እኔም አንገቴን ደፋሁ። ዛሬ ቀና ብያለሁ፤ እርስዎ ግን የሉም። በሰላም ይሂዱ፣ እናቴ።