ስቅለቱ ላይ የነበረው ፊት

ታናሽ ወንድሜ ፎቶ የለውም። ነበረው፤ እናቴ አቃጠለችው። በዚያ ዘመን ደሴ ውስጥ አሰሳ መጣ ሲባል የልጇን ፎቶ ምድጃ ውስጥ ያልከተተች እናት ጥቂት ናት። ከጎኑ የቆመው ማነው ተብሎ ይጠየቃላ። ፎቶው ነደደ፤ ልጁም አልተረፈም። ከቤት አውጥተው ወሰዱት፣ ከዚያ አንድ ጧት መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። እኔ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ነበርኩ፤ ወሬው ደርሶኝ ዳገቱን ወጥቼ ስደርስ ሬሳው ተነስቷል። ማልቀስ ክልክል ነው ተብሎ እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ተቀምጣለች።

ፊቱ ግን አንድ ቦታ ቀርቶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት እናቴ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየ ሰዓሊ ነበር። የሰፈራችንን ቤተክርስቲያን የመቅደስ ግድግዳ ይስላል። ከአባቱ የተማረውን መልክ እየደጋገመ መሳል ሰልችቶት ነው መሰለኝ፣ ወንድሜ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በረንዳው ላይ ያስቀምጠውና ፊቱን በከሰል ይነድፈዋል።

«ለምንህ ነው?» ይለዋል ወንድሜ።

«አትሳቅብኝ፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

የስቅለቱ ስዕል ሲያልቅ ክርስቶስ የወንድሜን ፊት ይዞ ተሰቅሏል። ጠይም፣ አፍንጫው ጎበጥ ያለ፣ ጸጉሩ ጎፈር ያለ። እናቴ ያን ጊዜ ደንግጣ «ኃጢአት አይሆንም ወይ?» ብላ ነበር። ወንድሜ ሳቀባት። ከእኛ ቤትና ከሰዓሊው በቀር ያወቀ የለም።

ከሞተ በኋላ እናቴ ጧት ጧት እዚያ ትሄድ ጀመር። በአገሩ ሁሉ ልቅሶ ሲከለከል በስቅለት ፊት የምታለቅስን ሴት ማን ምን ይላታል? እንደ ልቧ አነባች። እንዲያውም የሰፈሩ ሰው ጸሎተኛ ሆነች እያለ ያከብራት ነበር።

አንድ እሑድ እኔም ከኮምቦልቻ መጥቼ አብሬያት ሳለሁ የቀበሌው ካድሬ ካህናቱን ሊያነጋግር መጣ። አሰሳውን መርቶ ቤታችን የገባው እሱ ነው። ሽጉጡን እንደታጠቀ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ገባና ስቅለቱ ፊት ቆመ።

«ይኼ ነው እንጂ!» አለ። «የአናጺ ልጅ፣ ጭቁን። እዩት እስቲ፣ የእኛ ሰው እኮ ነው! ያ ነጩ የኢምፔሪያሊስት ፈጠራ ነው።»

እናቴ ምሰሶውን ይዛ ቆማለች። እኔ ክንዷን ያዝኩ። ራሱ ያስወሰደውን ልጅ ፊት ለፊት እያየ አደነቀው፤ አላወቀውም። ስንቱን ፊት ያውቃል?

የእሱ ማድነቅ ጣጣ አመጣ። በሳምንቱ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ካድሬ የወደደው ክርስቶስ ምን ዓይነት ክርስቶስ ነው አሉ። የሰበካው ሊቀመንበር በደህናው ጊዜ ኢየሩሳሌም ተሳልመው የመጡ የቆዳ ነጋዴ ናቸው።

«ጌታ ነጭ ነው» አሉ። «ጸጉሩ እንደ ማር፣ ዓይኑ እንደ ሰማይ። እኔ አገሩ ድረስ ሄጄ አይቻለሁ።»

«አያ፣ እሱን ነው ያዩት ወይስ ስዕሉን?» አሉ መሪጌታው።

«ስዕሉን ነዋ! ታዲያ የአገሩ ሰዎች ይሳሳታሉ?»

«መጽሐፉ አንዱ ጋ ከሰው ሁሉ ያማረ ይለዋል፣ ሌላው ጋ ደም ግባት አልነበረውም ይላል። ስለ ቀለሙ የነገረን የለም።»

«እሺ፣ ቀለሙስ ይቅር። ይኼ ጸጉር የተማሪ ጸጉር አይደለም?» አለ አንዱ። ተሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ተቆረጠ። ተማሪ የሚለው ቃል ያስፈራ ነበር።

እናቴ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ልጄ ነው ብትል ለካድሬው ሌላ ነገር ማቀበል ነው፤ ለሽማግሌዎቹ ደግሞ ድፍረት ነው። ምን ትበል? ከሰኞ ገበያ የወረቀት ስዕል ተገዝቶ ለሰዓሊው ተሰጠ፤ ይህን አስመስለህ ሳል ተባለ።

ማታውኑ ሰዓሊው ክፍል ሄዳ እግሩ ላይ ወደቀች። «ሌላ ቦታ አድርግልኝ» አለችው፤ «ጥግም ቢሆን።»

ሰዓሊው አለቀሰ። ደጋጎቹ ሁሉ ተስለው አልቀዋል። ባዶ የቀረው ጌታን የሚገርፉት ሰዎች ፊት ብቻ ነው። የስዕሉ ሥርዓት ደግሞ ደግ ሰው በሙሉ ፊት፣ ክፉ ሰው ፊቱን በጎን ሰጥቶ ባንድ ዓይን ነው፤ ያንን ካፈረሰ ስዕሉን ያስፍቁታል።

«አንድ ዓይንም ቢሆን የሱ ነው» አለችው።

እንዲህ ሆነና ስቅለቱ ላይ ፈረንጅ ተሰቀለ፤ ወንድሜ ጅራፍ ይዞ ከታች ቆመ። እናቴ ቦታዋን ቀየረች። ሴቶቹ «ወደ ገራፊው ነው እንዴ የምትሰግጂው?» እያሉ ይቀልዱባታል። ቀልዳቸውን ቻለችው።

በሌላው ዓመት ለስቅለት ስግደት አብረን ስንገባ የወንድሜ ዓይን የለም። አንዱ ከነአፍንጫው በሚስማር ቧጥጦ እስከ ግድግዳው ጭቃ አውጥቶታል። የገራፊዎቹን ሁሉ ዓይን አጥፍቷል። ጌታን የሚወድ ሰው ነው እንዲህ ያደረገው፤ ማንን እንረግማለን? እናቴ ሳትሰግድ ተመለሰች።

ያን ለት ጎረቤታችን፣ ከቢስቲማ የመጡት እስላም ሴትዮ፣ ሊያጽናኗት መጡ። ፊቱ የማን እንደነበረ እሳቸውም ከእናቴ ሰምተዋል።

«አብሽሪ» አሏት። «እኛ ነቢዩላህ ኢሳን እንወዳለን፣ ፊቱን ግን አንስልም። አላህ ያውቀዋል፣ በቃ።»

«የኔ ልጅ ግን ነቢይ አይደለም» አለች እናቴ። «እኔ ነኝ ላውቀው የሚገባ። ቀይ ዳማ ነበር።»

«ጠይም ነበር እንጂ» አልኳት።

«ወላሂ ጠቆር ይል ነበር» አሉ ጎረቤታችን፤ «ሲስቅ ጥርሱ ይቀድመው የለ?»

ሦስታችንም እንደዚያ ሽማግሌዎች ተከራከርን፣ ሦስታችንም ማልን። እናቴ ወደኔ ዞረች።

«አፍንጫውስ?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። የመጣልኝ የተቧጠጠው ግድግዳ ነው።

«ጎበጥ ያለ» አልኳት። በየት በኩል እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝም አላውቅም ነበር።