ኩታዬን አዘቅዝቄ የቆምሁበት ደጅ

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ለሰው ሳወራው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ብቻዬን ሆኜ ሳስታውሰው ግን ሳቁ ይጠፋብኛል።

ጎንደር አራዳ ውስጥ የባህል ልብስ እሸጣለሁ። ቀን ሙሉ ጥለት ስዘረጋ፣ ጥለት ሳጥፍ የምውል ሰው መሆኔን ያዙልኝ። ከንግዱ ሌላ አንድ አመል አለብኝ፤ ብስክሌት። ባለቤቴ «አርባ ያለፈው ሰው እንደ ጎረምሳ ዳገት ለዳገት!» እያለች ትቀልድብኛለች። መንገዱ ሰላም ሆኗል ሲባል ሱቁን ለእሷ ትቼ፣ በደባርቅ አድርጌ ሊማሊሞን ወርጄ አዲርቃይ ድረስ ብቻዬን ልሄድ ተነሳሁ። ፒያሳ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ምነው፣ ማኪና ጠፋ?» እያለ ሸኘኝ።

የመጀመሪያውን ቀን ዳገት ስገፋ ውዬ አምባ ጊዮርጊስ አደርሁ። በማግስቱ ነፋሱ ሳይነሳ ልቅደም ብዬ ገና ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። የዚያ አገር የጥር ብርድ አይጣል ነው! ሣሩ አመዳይ ለብሷል፤ ጣቶቼ ፍሬን መያዝ አቃታቸው። ጃኬቱ አልበቃ ቢለኝ ኩታዬን አውጥቼ ራሴንና አንገቴን ተከናነብሁ። ጫፉ እየወረደ የብስክሌቱ ካቴና ውስጥ ልግባ ሲል ጊዜ ወደ ላይ ገለበጥሁትና አንገቴ ላይ ጠመጠምሁት። እንዲህ ሆኜ ዳባት ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ።

መለጠፊያውም መንፊያውም አለኝ። ቀዳዳውን ለማግኘት ግን ጎማውን የምነክርበት ውሃ ያስፈልጋል። ከመንገዱ ወረድ ብሎ ጭስ የሚወጣበት ቤት አየሁ። ብስክሌቱን ባሕር ዛፍ ሥር አስደግፌ በእግሬ ወረድሁ።

አጥሩ ጋ ስደርስ አንድ ጥቁር ውሻ ጥርሱን አሳየኝ። እኔ ደግሞ ውሻ ላይ ወኔ የለኝም። ድምፅ ሳላሰማ ባለሁበት ቆምሁ። አንዲት እናት ከቤት ብቅ አሉ፤ በኋላ እንዳወቅሁት ስማቸው እማማ ትርንጎ ነው። በማለዳ የሰው ደጅ መቆሜ አሳፍሮኝ አንገቴን ደፋሁ። ውሻውን የሚይዝልኝ ሰው እንዲጠሩ ብዬም፣

«እናቴ፣ ከእርስዎ ጋር ሌላ ሰው የለም?» አልሁ።

ፊቴን አዩ። አንገቴን አዩ። ከዚያ «ዋይ ልጄን!» ብለው ደረታቸውን መቱና እዚያው ደጃፉ ላይ ተዘረሩ።

የምሆነው ጠፋኝ። ጎረቤቱ ከየቤቱ እየጮኸ መጣ። «ወይኔ ምስጋናው!» ይላል ሁሉም። እኔ ምን መሰለኝ? ልክ እኔ ስደርስ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ያረፈ መሰለኝ። ለቅሶ ላይ ደርሶ ዓይንን አድርቆ መቆም ደግሞ በእኛ አገር ነውር ነው። ባላውቃቸውም የሰው ሐዘን ነው ብዬ፣ ፊቴን በኩታዬ ሸፍኜ አብሬ አለቀስሁ። እግዜር ያሳያችሁ! እኔ ሳለቅስ ጊዜ ለቅሶው ባሰ።

ትንሽ ቆይቶ አያ ውበቱ የሚሏቸው ሽማግሌ ጎረቤት ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«የት ላይ ነው የወደቀ? በረሃ ነው ባሕር?»

«ማን?»

«ማን ትላለህ እንዴ! ምስጋናው ነዋ፣ ልጇ!»

«አያ፣ እኔ ምስጋናው የሚባል ሰው አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ልታረዳ መጣህ?»

«ኧረ እኔ ጎማ ተንፍሶብኝ ውሃ ፈልጌ ነው!»

አያ ውበቱ በዱላቸው ጫፍ አንገቴን ነካ አደረጉት። «ይሄስ ምንድን ነው?»

ዝቅ ብዬ ባይ የኩታዬ ጥለት አንገቴ ላይ ነው። እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቄ ለብሻለሁ። በማለዳ፣ አዘቅዝቆ ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ «ሌላ ሰው የለም?» የሚል እንግዳ መርዶ ነጋሪ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ያውም ጥለት ስሸጥ የምኖር ሰው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ነገሩ ሲሰማ አንዳንዱ ሊመታኝ ቃጣው። አያ ውበቱ «ተዉ!» ብለው ከለከሉ። እማማ ትርንጎ ተነስተው ወደ እኔ መጡ።

«አልሞተም በለኝ» አሉ።

«እናቴ፣ አላውቀውም። መሞቱንም መኖሩንም አላውቅም። ይቅር ይበሉኝ።»

ቀረብ አሉኝ። ከዚያ ኩታዬን ከአንገቴ ፈትተው፣ ጥለቱን ወደ ታች አዙረው፣ ለልጅ እንደሚያለብሱ አድርገው መልሰው አለበሱኝ።

«በመተማ ወጥቶ ሱዳን ገባ አሉኝ» አሉ። «ሊቢያ ታየ አሉኝ። ከዚያ ወሬው ጠፋ፤ ስንት ክረምት አለፈ። ላልሞተ ሰው አይለቀስ፣ ሟርት ነው። እንዳልስቅ ልጄ የለ፣ እንዳላለቅስ መርዶ የለ። ይኸው በአንተ ሰበብ አለቀስሁ። ሸጋ አድርጌ አለቀስሁ። ቀለለኝ።»

«በቁሙ የተለቀሰለት ዕድሜው ይረዝማል» አሉ አያ ውበቱ። ሰዉ ሁሉ «አሜን» አለ።

ከዚያማ ማን ይልቀቀኝ! ብስክሌቴ ከመንገድ ወረደ፣ ውሃ በገበቴ መጣ፤ ሊያለቅስ የወጣው ጎረቤት በሙሉ ጎማዬን ከቦ አረፋው በየት በኩል እንደሚወጣ ይፈልግ ጀመር። ቀዳዳው ሲገኝ እልል ያለችም ነበረች። ትኩስ የድንች ቅቅል በሚጥሚጣ ቀረበልኝ። እኔ ስበላ እማማ ትርንጎ ስለ ልጃቸው ያወሩኛል። ምስጋናው ግራኝ ነው። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ድንች ሳይልጥ ነው የሚበላው። ቀኝ ጆሮው ጫፉ የለም፤ ልጅ ሳለ አህያ ነክሶት ነው።

«አንተ አገር ላገር የምትዞር ነህ» አሉኝ። «ብታገኘው እናትህ ደህና ናት በለው። አለቀሰችልህ ግን አትበለው፤ ይደነግጣል።»

እስከ መንገዱ ድረስ ሸኙኝ። እኔም ጉዞዬን ቀጥዬ በማግስቱ ሊማሊሞን ወረድሁ። ያን ሁሉ ገደልና ተራራ ለማየት ብዬ የወጣሁ ሰው፣ ዓይኔ የመንገደኛ ጆሮ ላይ ሲንከራተት ዋለ።

ዛሬም እንደዚያው ነኝ። የአያ ውበቱን ስልክ ይዣለሁ። ስደውል ገና ሰላም ሳልል «ክፉ ወሬ የለም» ብዬ ነው የምጀምር። እማማ ትርንጎ ስልኩን ይቀበሉና «አላየኸውም?» ይላሉ። «አላየሁትም፣ እናቴ» እላለሁ። እንግዲህ ምን ይባላል፤ አይቼው የማላውቀው ሰው ይናፍቀኛል። ድንች በቀረበ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ወንድም የለኝም፤ ቢኖረኝም ከዚህ በላይ የሚናፍቀኝ አይመስለኝም።

አዘዞ በሄድሁ ቁጥር ከመተማ የመጣ መኪና ሰው ሲያወርድ ቆሜ ሳላይ አላልፍም። በቀደም አንድ ረጅም ወጣት ሻንጣውን በግራ እጁ አንጠልጥሎ ሲወርድ አየሁ። ጆሮው በፎጣ ተሸፍኗል። «ምስጋናው!» ብዬ ተጣራሁ። ዞረ! ሮጬ ደረስሁበት።

«የዳባቱ ምስጋናው ነህ?»

«አይ፣ እኔ የጠዳ ልጅ ነኝ» አለና ፎጣውን አወረደ። ጆሮው ሙሉ ነው።

መልኬ ምን ሆኖ እንደታየው እንጃ፣ ልጁ ክው አለ። «ምነው? እናቴ ምን ሆነች?»

«ኧረ ምንም አልሆነች!» አልሁት ቶሎ ብዬ። «ናፍቀሃታል፣ በቃ። ፈጥነህ ግባ።»

የጠዳ ታክሲ ፍለጋ ሲሮጥ ከኋላው ቆሜ አየሁት። ደስ አለኝ፤ ደግሞም አልቅስ አልቅስ አለኝ።