በጋቢ የወረደው ውሻዬ

በጃንሆይ ዘመን ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበርኩ። ሳምንቱን ሙሉ እግሬን የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ ስሸምን እከርምና እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከውሻዬ ጋር እንጦጦ እወጣለሁ። ጎረቤቶቼ ይስቁብኝ ነበር። ሰው ወደዚያ ተራራ የሚወጣው ሊሳለም ወይም እንጨት ሊለቅም ነው፤ ባዶ እጁን ወጥቶ ባዶ እጁን የሚወርድ ከኔ ሌላ አላዩም። "ውሻው ነው ያሳበደው" ይላሉ። እኔም ነገረኛ ነኝ፤ "ውሻው እንደ እናንተ አያወራም፤ ለዚያ ነው" እላቸዋለሁ። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ የነበረኝ እሱ ነው።

አንድ እሑድ ባሕር ዛፉን አልፈን ጫፉ ላይ እንደ ደረስን ተኛና አልነሳም አለ። የኋላ እግሮቹ ከዱት። መጀመሪያ ተቆጣሁት፣ ሰደብኩትም። አንገቱን ብቻ ቀና አድርጎ አየኝ። ጋቢዬን አውልቄ ጠቀለልኩትና በሁለት እጄ ታቅፌ ቁልቁለቱን ተያያዝኩት። ቤት ሳንደርስ ይሞትብኛል ብዬ ፈራሁ። እንባዬን እንዳልጠርግ እጄ ተይዟል።

ከሰፈሬ በላይ ካለው፣ ከማያውቁኝ ሰዎች መንደር ስደርስ ግድግዳ ሥር ፀሐይ ይሞቁ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያኔ የሞተ ሕፃን ለቀብር የሚወሰደው እንዲሁ በነጭ ተጠቅልሎ፣ በክንድ ታቅፎ ነበር፤ አስከሬን ያገኘ ሰው ደግሞ ሳይሸኝ አያልፍም። መንገዴ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል መሆኑ ነገሩን አባሰው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከተሉኝ። "ውሻ ነው" ልል አፌን ስከፍት ሳግ ያዘኝ። ሳጉ ሲለቀኝ ከኋላዬ አሥራ ምናምን ሰው ነበር፤ ከዚያ በኋላማ ምን ቆርጦኝ!

ሽማግሌው አጠገቤ እየሄዱ "ስንት ዓመቱ ነበር ልጄ?" አሉኝ።

"አሥራ አንድ።"

ጥቅሉን አየት አደረጉና "በሽታው ጎድቶታል" አሉ።

ይህን እንዳሉ ጅራቱ ከጋቢው ሹልክ ብሎ ተንጠለጠለ። አዩት። በከዘራቸው ጀርባዬን ይሉኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሳቸው ግን ወደ ሰዉ ዞረው "ከዚህ በኋላ ዘመድ ይበቃዋል፤ እግዜር ይስጣችሁ፣ ተመለሱ" አሉና ሁሉንም አሰናበቱ። ከዚያ ጅራቱን ቀስ ብለው ጋቢው ውስጥ መልሰው ሸፈኑት።

"ይተነፍሳል?"

"ይተነፍሳል አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ማለቴ…"

"በቃ፣ ተወው። ረጋ ብለህ ተራመድ፣ እንዳይንገላታ።"

የጋቢውን አንድ ጫፍ ይዘው እስከ ቤቴ አደረሱን።

ውሻዬ ወር ሳይሞላው ሞተ። በዚያው ጋቢ ጠቅልዬ ጓሮዬ ልቀብረው ስቆፍር ሽማግሌው በአጥሩ በር ገቡ። ማን እንደ ነገራቸው አላውቅም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉድጓዱ እስኪሞላ ቆሙ።

"እሱን ያን ለት ሸኝተነዋል" አሉኝ። "ዛሬ የመጣሁት ለአንተ ነው።"

እስከ ሣልስቱ ድረስ በየቀኑ እየመጡ አብረውኝ ተቀመጡ።