ጥፋቱ የማሽኑ ነው አልን

ጋሽ ደምሴ ሐዋሳ ፒያሳ ባለችው ጠባብ ሱቃቸው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናሉ። እሁድ እሁድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን ሲንተሳይዘር፣ ያን ባለ ብዙ ማዞሪያ ኪቦርድ፣ ይጫወቱ ነበር፤ እኔ ጊታሬን ይዤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከጎናቸው ተቀምጫለሁ። ትዳር አልያዙም፣ መጥቶ የሚጠይቃቸው ዘመድም የለም። ከሱቋና ከዚያ መድረክ ላይ ካለው ወንበር ሌላ ነገር አላቸው ብል ዋሸሁ።

ሲንተሳይዘሩ የግላቸው ነው። በወጣትነታቸው ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ከባንድ ጋር ሲጫወቱ የገዙት ነው፤ ጌታን ሲቀበሉ ባንዱን ትተው ማሽኑን ይዘው መጡ። "አብሮኝ ነው የዳነው" ይላሉ፣ ሳይስቁ። ያ ማሽን ድምፅ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። አንድ ድምፅ ሲፈልጉ ሃያ ምናምን ማዞሪያ አንድ በአንድ እያዞሩ በጆሯቸው ያገኙታል፣ ለሚቀጥለው መዝሙር ደግሞ እንደገና ከዜሮ። ሲሞቅ ቅኝቱ ይወርዳል፤ የሐዋሳ ሙቀት ደግሞ ማንንም አይምርም። ስለዚህ ከሁላችንም ቀድመው መጥተው፣ አብርተው፣ እስኪረጋ ጠብቀው ይቃኙታል። እንደዚያ የሚወፍር፣ ሆድ የሚያባባ ድምፅ ግን ከሌላ ዕቃ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

አምና ከፋሲካ በኋላ ጣቶቻቸው መሳሳት ጀመሩ። ስኳር አለባቸው። መጀመሪያ እግራቸው፣ ቀጥሎ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ደነዘዙ። ይህን እሳቸው አልነገሩንም። አንድ ቀን ሱቃቸው ቁጭ ብዬ የሬዲዮ ሽቦ ሲበይዱ የጋለው ብረት ጣታቸው ላይ አርፎ ቆየ። "ጋሼ፣ ጣትዎ!" ብዬ ስጮህ ነው ዞር ብለው ያዩት። በጨርቅ ጠቀለሉትና ሬዲዮውን ጨርሰው ክዳኑን ገጠሙ። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም፣ ቁጣም፣ ድንጋጤም። ከቃጠሎው ይልቅ ያ ፊት አስፈራኝ።

እሁድ የመዝሙሩን መግቢያ ሲጫወቱ ጣታቸው ጎን ያለውን ቁልፍ ይነካል። መዘምራኑ የተሳሳተውን ድምፅ ይዘው ይነሡና ግማሹ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ ይሆናል። ሁላችንም ምክንያቱን እናውቃለን። ማን ይናገር? አባት የሚሆኑን ሰው ናቸው፤ ግማሾቻችንን ዜማ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወንበር ከተነሡስ ወዴት ይሄዳሉ? የመዘምራኑ መሪ ሮማን ስብሰባ ጠራች። ሁላችንንም ይሉኝታ ያዘን። በመጨረሻ እኔ አላስችል ብሎኝ "ማሽኑ አርጅቷል" አልኩ። ሁሉም ሸክም እንደወረደለት ተነፈሰ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እንግዲህ እኛ ነን።

ሮማን ሄዳ ስትነግራቸው "ማሽኑ ምንም አልሆነም፤ ትናንት ከፍቼ አይቼዋለሁ" አሏት። ሙያቸው ነዋ!

"አይ ጋሼ፣ ዕድሜ ነው" አለች።

ትንሽ አዩዋትና "እሺ" አሉ።

ድምፅ የሚቆጣጠርልን ኤልናታን የሚባል፣ ኪቦርድም የሚሞክር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። አዲሱን መሣሪያ ከአዲስ አበባ ይዞ የመጣው እሱ ነው። "ቨርችዋል አናሎግ ይባላል" አለን። የድሮው ዓይነት ሰርኪት የለውም፤ ውስጡ ያለው ትንሽ ኮምፒዩተር ያ ሰርኪት ምን ያደርግ እንደነበር እያሰላ ያንኑ ድምፅ ያወጣል። ቢሞቅ ቅኝቱ አይወርድም፣ አንዴ የተገኘውን ድምፅም በስሙ ያስቀምጣል። ኤልናታን ሁለት ሳምንት ሙሉ የአሮጌውን ድምፅ እየቀዳ አዲሱን ከሱ ጋር አመሳሰለ። ከዚያ ፊታችንን አዙረን ሁለቱን እንድንለይ ፈተነን። እኔ አምስት ጊዜ ገምቼ ሦስቱን ሳትኩ። ጋሽ ደምሴ አንዱንም አልሳቱም። ጆሯቸው እንደ ድሮው ነው። "ጥሩ ነው፣ ይበቃል" አሉና አሮጌውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወደ ሱቃቸው ወሰዱት። ይቆጡናል ብዬ ነበር፤ እንኳን ሊቆጡን ቀና ብለውም አላዩን።

እሁድ ደረሰ። አዲሱ እስኪረጋ መጠበቅ ስለማያሻው ጋሽ ደምሴ አብርተውት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ከዚያ ጀመሩ። ድምፁ ያው ነው፣ የምናውቀው፣ ወፍራሙ። ስሕተቱም ያው ነው። ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ጣታቸው ሸርተት አለ፤ አዲሱ ማሽንም ምንም ሳይደብቅ አጥርቶ አሰማን። መዘምራኑ እንደለመዱት ለሁለት ተከፈሉ።

ከፕሮግራሙ በኋላ መድረኩ ላይ ቀረን። "ገመዱ ይመስለኛል" አለ ኤልናታን፣ መሬት መሬት እያየ።

"ገመዱ ነው፤ ነገ እቀይረዋለሁ" አልኩ እኔ፣ አላፍር ብዬ። ሮማን ደግሞ ስፒከሩን ጠረጠረች።

ጋሽ ደምሴ ማሽኑን አጠፉ። "ገመዱ ደህና ነው። አሮጌውም ደህና ነበር" አሉ። ቀኝ እጃቸውን ለጥገና እንደመጣ ዕቃ አንሥተው አሳዩን። "ይኼ ነው። ታውቃላችሁ እኮ። አንዳችሁ 'ጋሼ፣ ይብቃዎት' እስክትሉኝ ሰባት ወር ጠበቅኩ። በገዛ እጄ ልተወው ብል አቅም አጣሁ።"

ሮማን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

"ጋሼ፣ እንዳያዝኑ ብለን እኮ ነው" አልኩ።

"አላዘንኩም" አሉ። "ባዝን ይሻለኝ ነበር። ማታ ማታ ቁጭ ብዬ ለማልቀስ እሞክራለሁ፤ አይመጣም።"

ከዚያ ኤልናታንን በክንዱ ይዘው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። "ተጫወት" አሉት። ያንኑ መግቢያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይሳሳት ተጫወተው። ጋሽ ደምሴ ቆመው ሰሙትና "እንዲህ ነው" አሉ።

እኔ አልቻልኩም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከጎናቸው ተቀምጬ አንዲት እውነት የነፈግኳቸው ሰው መሆኔ ገባኝና እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅኩ። ጋሽ ደምሴ ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ሰጡኝ። እንባዬ ሲወርድ ረጋ ብለው አዩኝ።

"አንተስ ታድለሃል" አሉኝና ባጃጅ ሊጠሩ ወጡ።