ሟርቴና አለቃው ወንድሙ

አንድ ትልቅ የኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነበር። በስሙ የሚጠራው ግን አልነበረም፤ ሁሉም «ሟርቴ» ነው የሚሉት። ሥራው የኩባንያውን መረጃ በየቀኑ መገልበጥና ቅጂውን ከከተማው ማዶ ያለው ቅርንጫፍ ወስዶ መቆለፍ ነው። ስብሰባ ላይ አፉን ከከፈተ ወይ «ቢቃጠልስ?» ነው፣ ወይ «ውሃ ቢገባስ?» ነው። «ኧረ አፍህን በዳቦ!» እያሉ ይስቁበታል።

ሳቁን ችሎት ኖሯል። ያልቻለው ታናሽ ወንድሙን ነው።

ወንድምየውን ኩባንያው ያስገባው ራሱ ሟርቴ ነበር፤ በየቢሮው ደጅ ጠንቶ፣ ለቃለ መጠይቁ የገዛ ኮቱን አልብሶ። ታናሹ ግን ምላሱ ማር፣ ፊቱ ብሩህ ነውና ብዙም ሳይቆይ የክፍሉ ኃላፊ ሆኖ አረፈው። የታላቁ አለቃ! የመስታወት ቢሮ ተሰጠው። ሟርቴ መስኮት በሌላት የማሽን ክፍል፣ የማቀዝቀዣው ጩኸት ጆሮውን እየበላው፣ ወንድሙ ከላይ ሆኖ ሲስቅ የሚሰማው ይመስለው ነበር። እናታቸው እንኳ ስትደውልለት፣ «ወንድምህ እንዴት ነው? ሥራው አልበዛበትም?» ነው የምትለው። «የኔስ?» ብሏት አያውቅም።

በየዓመቱ ዋናውን ማሽን ያጠፉና፣ ሥራው ከማዶው ቅርንጫፍ መነሳት አለመነሳቱን ይሞክሩ ነበር። ያን ዓመት ወንድሙ ቢሮው ጠራው።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ሙከራው ይቅርብን። ደንበኛ ይጉላላል።»

«ሳይሞከር ቅጂ አለኝ ማለት እኮ…»

«ገብቶኛል ጋሼ። ግን ይቅር።»

ሟርቴን ያንገበገበው ያ «ጋሼ» ነው። እየከለከሉ ማክበር ምን ይባላል?

እሺ ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻውን ቅርንጫፉ እየሄደ፣ ቅጂውን በአሮጌ ማሽን ላይ እያስነሳ መሞከር ጀመረ። ለኩባንያው አስቦ እንዳይመስላችሁ። አንድ ቀን መዓት ይመጣል፣ ወንድሙ ሰው ፊት ያፍራል፣ ያኔ እሱ… እዚህ ላይ ሲደርስ ፈገግ ይላል፤ ወዲያው ደግሞ በራሱ ይደነግጣል።

መዓቱ በጠራራ ፀሐይ መጣ። ከማሽኑ ክፍል ጎን ያለው የባትሪ ክፍል ተቀጣጠለ። ሰው አልተጎዳም፤ የማሽኑ ክፍል ግን ከሰል ሆነ። ማን ውል እንዳለው፣ ማን ካሳ እንደሚጠብቅ የሚያውቅ ኮምፒውተር ጠፋ፤ ደንበኛው በየመስኮቱ ይጮሃል። ሟርቴ ማዶው ቅርንጫፍ ሮጦ ከማሽኑ ፊት እንደተቀመጠ፣ ወንድሙ ሸሚዙ ጥላሸት ለብሶ እያለከለከ ደረሰ።

«ጋሼ… ይነሳል?»

እንደሚነሳ ያውቃል። ባለፈው ቅዳሜ አስነስቶታል። ግን መጀመሪያ ወንበሩን አስተካከለ፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። የወንድሙ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ አየና አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። የታናሹ ዓይን እንባ ሲያቀርር ግን አልቻለም።

«ይነሳል። ቁጭ በል፣ ትወድቃለህ» አለው።

ከሰዓት በኋላ መስኮቶቹ ሥራ ጀመሩ።

እሑድ እናታቸው ቤት ተገናኙ። እናትየው ታናሹን አቅፋ፣ «ኩባንያውን ያዳነው ልጄ!» ስትል ሟርቴ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ።

«እኔ አይደለሁም እማዬ» አለ ታናሹ። «እኔማ እንዳይሞከር ከልክዬ ነበር። ያዳነን ጋሼ ነው። ለዋናው ሥራ አስኪያጅም ይህንኑ ነግሬዋለሁ።»

እናትየው ዞር ብላ ሟርቴን አየችው። ወዲያው ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶ ወደ ታናሹ ተመለሰች።

«አያችሁ የልጄን ደግነት! ጥፋቱን እንኳ ሳይደብቅ!» አለች ግንባሩን እየሳመች።

ሟርቴ ተነስቶ ወንድሙን ጨበጠው። ሲጓጓለት የኖረው ቃል ሰው ፊት ተነግሮለታል፤ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ወደ ቤቱ ሲያዘግም ግን በሆዱ የሚብላላው ሌላ ነበር፦ «በደግነትም ቀደመኝ!»