ስሙ ያልተጠራበት ጥር

ባለቤቴ ሲግቫልዲ ባለፈው ግንቦት አረፈ። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት የሚያውቁት ሁሉ ጋዜጣ ላይ ይጽፉለታል፤ ለእሱም ብዙዎች ጻፉለት። ሁሉም አንድ ነገር ደጋግመዋል፤ በኳስ ሜዳ ላይ ያልተጫወተበት ቦታ የለም ብለዋል። እውነት ነው። እንዴት እንዲያ እንደሆነ ግን የጻፈ የለም።

ነገሩ ቀላል ነው። ባሕር ያመው ነበር።

ሐምራቪክ በምትባለው የዓሣ አጥማጆች መንደራችን ወንድ ልጅ ጢሙ ሳያቀመቅም ጀልባ ላይ ይወጣል። ሲግቫልዲ ግን ገና ከወደቡ ሳይወጣ ያስመልሰው ነበር። ስሙን አሳጥረው «ቫልዲ የታሰረ ጀልባ ላይም ያስታውካል» ይሉት ነበር። ስለዚህ ሌሎቹ ባሕር ሲውሉ እሱ የብስ ላይ ይቀራል። የመንደራችን ቡድን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰለፈው የትኛው ጀልባ እንደገባ ታይቶ ነው። አንዱ ጀልባ ካልተመለሰ ተከላካይ የለም፤ ሌላው ከዘገየ አጥቂ የለም። የጎደለውን የሚሞላው ሁልጊዜ እሱ ነበር። ሜዳችን ያኔ ጠጠር ስለነበረ የወደቀ ሰው ጉልበቱ ሳይላጥ አይነሳም። የቡድኑ አምበል እኩያው ብራንዱር ነበር፤ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ወደቡን አየት ያደርግና «ቫልዲ፣ ዛሬ ግራ ተከላካይ ነህ» ይለዋል። በሳምንቱ ደግሞ አጥቂ ያደርገዋል። አንድም ቀን ለምን ብሎ አያውቅም።

በጥር ወር መንደሩ ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ተሰብስቦ ይበላል፤ ከምግቡ በኋላ የግብዣው ኮሚቴ ጭውውት ያቀርባል። በዓመቱ ውስጥ የተሳሳተ፣ የወደቀ፣ የታበየ ሁሉ በኮሚቴው ሰዎች እየተመሰለ መድረክ ላይ ይወጣል። ፊት ለፊት የማንነጋገረውን የምንነጋገረው ያን ቀን ነው። የተቀለደበት ሰው ቁጭ ብሎ ይስቃል። ያልሳቀ እስከሚቀጥለው ጥር መሳቂያ ይሆናል። ከጭውውቱ የሚቀረው በዓመቱ ሐዘን የገባበት ቤት ብቻ ነው። የዚያን ቤት ስም ማንም አያነሳም።

ሲግቫልዲ ለዋና ከተማው ክለብ የፈረመ ዓመት አክስቱ ሄርዲስ አንድ የሱፍ ሹራብ ሠራች። በደረቱ፣ በሆዱ፣ በጀርባው፣ በእጅጌው ዙሪያ ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ ሰፋችበት። ብራንዱር ለብሶት መድረክ ላይ ወጣና ለራሱ ኳስ እያቀበለ፣ ራሱን እየጠለፈ፣ ከራሱ ጋር እየተጨቃጨቀ ሲሮጥ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሹራቡ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ወጣ። የባለቤቴን የኳስ ዘመን የማስታውሰው በዋንጫ ሳይሆን በዚያ ሹራብ ነው።

ወደ ኖርዌይ ክለብ ተዛውሮ ስንሄድ ብራንዱር መድረክ ላይ ሹራቡን ለብሶ ሻንጣ ይዞ በር በሩን እያንኳኳ «ቀኝ ተከላካይ የጎደለው ቤት አለ? ግራስ?» እያለ ለመነ። ስዊድን ሳለን ግብ ጠባቂው ተጎድቶ ሲግቫልዲ በእሱ ምትክ በረኛ ሆኖ ጨዋታውን ጨረሰ፤ ያን ዓመት ብራንዱር የምድጃ ጓንት አጥልቆ ወጣ። ለብሔራዊ ቡድን የተጠራ ጊዜ ደግሞ ከግቡ ጀርባ ሰውነቱን ሲያሟሙቅ አምሽቶ ሳይገባ ቀረ። ብራንዱር ምን አደረገ? ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሲበላ፣ ቄሱም ንግግር ሲያደርጉ፣ እሱ በአዳራሹ ዳር ላይና ታች ሲሮጥ አመሸ። በመጨረሻ «ግባ» ሲባል መጋረጃው ተዘጋበት።

ይህን ሁሉ በማግስቱ በስልክ የምትነግረን አክስት ሄርዲስ ናት። ሲግቫልዲ በሰው አገር ወጥ ቤት ውስጥ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። በሌላው ቀን እንዲህ የሚስቅ ሰው አልነበረም። አሰልጣኞች ይወዱት ነበር፤ ቋሚ ቦታ ግን አንዳቸውም አልሰጡትም። አንዱ «አንተ እንደ ኪስ ቢላዬ ነህ፣ ለሁሉ ነገር ትሆናለህ» አለው። ማታ ቤት ሲገባ፣

«ዳግሩን» አለኝ፣ «የኪስ ቢላ የት እንደሚውል ታውቂያለሽ? ኪስ ውስጥ።»

የመጨረሻው ክለቡ ዴንማርክ ነበር። በውድድሩ ማብቂያ ቀን አቻ ቢወጡ በሊጉ ይቆያሉ። የመሐል ተከላካዩ በቀይ ካርድ ወጣና ሲግቫልዲ ቦታውን እንዲሸፍን ተላከ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ከመስመር የተሻማውን ኳስ በራሱ መረብ ላይ አሳረፈው። ክለቡ ወረደ። የሐምራቪክ ሰው በአዳራሹ ትልቅ ስክሪን ተሰብስቦ ያይ ነበር። ከዚያ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፤ ውሉም አልታደሰም። በኅዳር ጓዛችንን ይዘን ወደ ሐምራቪክ ገባን። ልጃችን ኡና አራተኛ ትምህርት ቤቷን ጀመረች፤ በመጀመሪያው ሳምንት የጎረቤት ልጅ ይዛ መጣች። «አሁን አንሄድም አይደል?» አለችኝ። አንሄድም አልኳት። ሲግቫልዲም ባሕር ማዶ ካሉት ከፋሮ ደሴቶች ለመጣለት የሥራ ጥሪ አልፈልግም ብሎ መልሶ፣ ዓሣ ፋብሪካው ገባ።

መንደሩ ግን ስለዚያች ኳስ ትንፍሽ አላለም። መንደሩ ከሥራ በኋላ ገብቶ በሚያወራበት የሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ ወንዶቹ ሲንጫጩ ይቆዩና እሱ ሲገባ ወሬው ስለ ንፋሱ ይሆናል። «ጉልበትህ እንዴት ነው?» ይሉታል፤ እንደ ታማሚ ዝግ ብለው።

«ለጥር አስቀምጠውት ነው» አለኝ። «ዘንድሮ ይገድሉኛል።» ይህን ሲለኝ ፊቱ ፈካ ብሎ ነበር። «ብራንዱር ኳሷን ሲያገባ ተነስቼ እጅ እነሳለሁ። ነጩን ሸሚዝ ተኩሺልኝ።»

ተኮስኩለት። ለግብዣው ሁሉም የቤቱን ምግብ በእንጨት ሳጥን ይዞ ይሄዳልና፣ በሳጥናችን ውስጥ በጭስ የደረቀ የበግ ሥጋ፣ ደረቅ ዓሣና ቅቤ፣ እሱ የሚወደውን በእርጎ ውሃ የኮመጠጠ የበግ ቆለጥም ጨምሬ ይዘን ሄድን። ጭውውቱ ተጀመረ። የእጅ ፍሬን ሳይስቡ አቁመውት መኪናቸው ወደብ ውስጥ የገባባቸውን ቄስ አንዱ በሕፃን ጋሪ እየተንከባለለ አስመሰላቸው። ባለ ሱቋም፣ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርም ተራቸው ደረሰ። ሲግቫልዲ ከሁሉ አስበልጦ ይስቃል፤ ዓይኑ ግን ከመጋረጃው ጠርዝ አልተነቀለም። ሹራቡን እየጠበቀ ነበር። ከዚያ የኮሚቴው አባላት ተያይዘው ወጡ፣ እጅ ነሱ፣ መጋረጃው ተዘጋ።

«ከዘፈኑ በኋላ ይሆናል» አልኩት።

ከዘፈኑም በኋላ የለም። ሳጥናችንን ይዘን በበረዶው ስንመለስ ከቤታችን በር ላይ ቆመ።

«ዳግሩን፣ ቤታችን ውስጥ የሞተ ሰው አለ እንዴ?»

በሳምንቱ ወደ ፋሮ ደወለ። ቦታው እስካሁን ክፍት ነበር፤ እስከ አርብ አሳውቃለሁ ብሎ ስልኩን ዘጋ። እኔን አልጠየቀኝም። ኡናም አልሰማችም።

በማግስቱ አክስት ሄርዲስን ይዤ ወደብ ወረድኩ። ብራንዱር መረብ ይጠግን ነበር።

«ለምን ዘለላችሁት?» አልኩት።

መርፌውን አላስቀመጠም። «ሠርተነው ነበር እኮ። ተለማምደነዋል። ከሁሉ የሚሻል እሱ ነበር። ከዚያ ገንዳው ውስጥ አየሁት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል። እንዲያ ያለ ፊት የማውቀው ጀልባ የሰጠመ ጊዜ ነው። እንዲያ ያለ ሰው አይነካም ብዬ ተውኩት።»

«ጀልባ አልሰጠመም» አለች ሄርዲስ። «ኳስ ነው የገባው።»

«እትዬ ሄርዲስ፣ እኔ እኮ ላዝንለት ብዬ...»

«ለሞተ ነው የሚታዘነው። ልጁ አሥራ ምናምን ዓመት በሰው ወንበር ተቀምጦ ከረመ፤ ቤቴ ብሎ ቢመጣ እናንተም ወንበሩን ነሳችሁት። ሹራቤ የት ነው ያለው?»

«ቤት አለ።»

«ብል በልቶት ከሆነ ባንተ ቆዳ ነው የምጠግነው።»

ብራንዱር ሐሙስ ከሥራ መልስ መጣ። ካፖርቱን ሲያወልቅ ሹራቡን ከሥር ለብሶታል፤ ሆዱ ላይ ስድስት ቁጥር ተወጥራለች። ሲግቫልዲ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ዳቦ ይቆርጥ ነበር። ብራንዱር የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ እንደ ኳስ ጠቅልሎ መሬት ጣለና የተዘለለውን ጭውውት ጀመረ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የማያፍር ሰው በእኛ ወጥ ቤት ላብ አጠመቀው። ቃላቱ ጠፉት። ጨርቁን ወደ ምድጃው መታና «ጎል» አለ። ሄርዲስ ሹራብ ሥራዋን ይዛ ጥግ ተቀምጣለች። የሳቀ የለም።

ሲግቫልዲ ቢላውን አስቀመጠ።

«በግራዬ ነበር» አለ።

«ምን?»

«በግራ እግሬ ነው ያገባኋት። አንተ በቀኝህ መታሃት።»

«ቀኜ ነው የሚታዘዘኝ።»

«እንግዲያ አትሥራው። ና፣ አንተ በረኛ ሁን።» በዚያ ጉልበቱ እያነከሰ ተነስቶ ጨርቁን መሐል ላይ አስቀመጠ። «ኳሷ ከዚህ ነው የመጣችው። አይቻታለሁ፤ ላወጣትም ነበር። በረኛው ግን ጮኸ። የጠራው የእኔን ስም አይደለም፤ በቀይ የወጣውን ልጅ ስም ነው። ለምዶበት ነው። ዓመቱን ሙሉ እዚያ ቦታ ላይ የሚጠራው ያን ልጅ ነበር። እኔ ሌላ ሰው አለ ብዬ ዞርኩ።» ጨርቁን በግራ እግሩ ነካ አደረጋት። ምድጃው ሥር ገባች። «ይኸው ነው።»

ይህን ለእኔም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

ብራንዱር ጨርቁን ከምድጃው ሥር ለማውጣት ተንበርክኮ ብዙ ቆየ። ሲነሳ ዓይኑን በሹራቡ እጅጌ፣ በሦስት ቁጥር ጠረገ።

«ቫልዲ፣ ይህማ ጭውውቱ ውስጥ መግባት አለበት» አለ።

«ለሚቀጥለው ጥር ነዋ» አለች ሄርዲስ ቀና ሳትል። «እዚህ ካለ።»

ሲግቫልዲ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ዳቦውን ቆርጦ ለሁላችንም አደለ። ከዚያ ብራንዱርን «ግን በግራህ ተለማመድ» አለው። አርብ ጠዋት ወደ ፋሮ ደውሎ አልመጣም አለ።

በሚቀጥለው ጥር ብራንዱር መድረክ ላይ ሲቆም ሰው ሁሉ በተለያየ ስም ጠራው፤ በቄሱ ስም፣ በሄርዲስ ስም፣ በውሻው ስም። በመጨረሻ በግራው መታ፣ ስቶም ወደቀ። ሲግቫልዲ ተነስቶ እጅ ነሳ። አዳራሹ ተናወጠ።

ከዚያ ሁሉ ነገር ተስተካከለ አልልም። ጉልበቱ ሌሊት ያነቃው ነበር። የዴንማርክ ጨዋታ በቴሌቪዥን ሲመጣ ይወጣል። የመንደሩን ልጆች ሲያሰለጥን ግን አንድ ሕግ ነበረው፤ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ቦታ ይኑረው፣ ጓደኞቹም በስሙ ይጥሩት። ጀልባ ሲዘገይ እንኳ ልጁን ከቦታው አያነሳም፤ በጎደሎ ይጫወታል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ተሸንፈናል፤ ለዚህም በየጥሩ ተቀልዶበታል። ከዚያ ቆሽቱ ላይ በሽታ ተገኘ፤ የበረዶውን ወራት ታግሎ በግንቦት ሄደ።

ዘንድሮ ጥር ሲቃረብ ብራንዱር ቤቴ መጣ። ቆቡን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ዳግሩን፣ ኮሚቴው ልኮኝ ነው። ልማዱን ታውቂያለሽ። ግን እሱ... አንድ ጊዜ ተሳስተን ስለነበር፣ ልጠይቅሽ ብዬ ነው።»

አሰብኩበት። ሹራቡን ባይ፣ ሳቁን ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

«እንደ ልማዱ አድርጉ» አልኩት።

ሳጥኔን ይዤ ሄድኩ። ባለ ሱቋ ወጣች፣ አዲሱ ሐኪም ወጣ፣ ራሱ ብራንዱርም ጀልባው አሸዋ ላይ ስለወጣበት ተቀለደበት። እኔም ሳቅሁ። መጋረጃው ሲዘጋ ዓይኔ ጠርዙ ላይ ነበር። ሹራቡ አልወጣም፤ ስሙም አልተጠራም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድ ቦታ ሄዶ የሚመለስ ይመስለኝ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

ብራንዱር ከመድረክ ወርዶ ሳያስፈቅድ አጠገቤ፣ ሲግቫልዲ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሳጥኑን ከፈትኩ። ለምዶብኝ የኮመጠጠውን ቆለጥ ይዤ መጥቻለሁ፤ እኔ አልወደውም፣ ኡናም አትነካውም። ብራንዱር አየው፤ እሱም እንደማይወደው መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

«ብላ እንጂ» አለችው ሄርዲስ ከማዶ። «ዛሬ የእሱ ምትክ አንተ ነህ።»

ፊቱን አጨፍግጎ ጨረሰው።